የምክር ዓምድ፦ ፈርመው የላኩልኝን መጽሐፍ አልወደድኩትም

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ዳሰሳ መጻፍ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ገዝቼ ስላነበብኩት ብቻ ነበር። አሁን ግን ደራስያኑ ራሳቸው ይልኩልኛል፤ ከማነበው ያላነበብኩት በዝቷል። በቅርቡ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በዕድሜም በዕውቀትም የማከብራቸው ሰው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ላኩልኝ። ውስጥ ገጹ ላይ «ለማያዳላው ብዕርሽ» ብለው ፈርመውበታል። አነበብኩት። አጀማመሩ ጥሩ ነው። ከመሀል ጀምሮ ግን ታሪኩ ይዝላል፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አነጋገራቸው አንድ ነው፣ የፊደል ግድፈቱም ለጉድ ነው። እሳቸው ደግሞ «መቼ ነው የሚወጣው? ከማውጣትሽ በፊት እስኪ ላኪልኝና ልየው» እያሉ ይጠይቁኛል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በይሉኝታ ያላመንኩበትን ሙገሳ ጽፌያለሁ። አንድ አንባቢ «አንቺን አምኜ ገዝቼ ገንዘቤን አቃጠልኩ» ብሎኛል። ምን ላድርግ? እውነቱን ልጻፍ? ዝም ልበል? ወይስ መጽሐፉን ልመልስላቸው?

ይሉኝታ የያዛት

መልስ፦

እህቴ፣ መጽሐፉን አትመልሺ። አንብበሽ ጨርሰሽ መመለስ ከየትኛውም ወቀሳ የከፋ ስድብ ነው፤ ያነበብሽውንም ካንቺ ውስጥ አያወጣውም። ደግሞ ጋሼ በእጃቸው የጻፉልሽን ልብ በይ። «ለማያዳላው ብዕርሽ» ነው ያሉት። ሲፈርሙ ምን አስበው እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ፤ አንቺ ግን በጻፉት ልክ ብትይዣቸው የሚቀየሙበት ምክንያት የለም።

ነገሩን ከዕዳው እንጀምረው፤ ያስጨነቀሽ እሱ ነውና። መጽሐፍ በነፃ ስትቀበዪ ዕዳ የለብሽም የሚል ሰው አትስሚ፤ አለብሽ። ዕዳው ግን ሙገሳ አይደለም። ደራሲው ቅጂውን ሲልክልሽ የገዛው ዕድል ነው፤ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በትኩረት የሚያነብለት ዕድል። ያንን አንቺ ከነወለዱ ከፍለሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ የጋሼ ንብረት አይደለም። ዳሰሳሽን አይቶ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ያ «ገንዘቤን አቃጠልኩ» ያለሽ ሰው። ለጋሼ የምታደርጊው ይሉኝታ ሁሉ ሒሳቡ ለእሱ ነው የሚላከው። እሱ ደግሞ በቅርብ አያውቅሽም፣ አይፈርምልሽም፣ ስልክም አይደውልልሽም፤ ስለዚህ በይሉኝታ ሚዛን ላይ ሁልጊዜ ይቀልልሻል።

«እኔ ስጦታ አያታልለኝም» ብለሽ ደግሞ በራስሽ አትተማመኚ። ዴኒስ ሬጋን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ተራ ተሳታፊ መስሎ የገባ የተመራማሪው ረዳት፣ ለአንዳንዶቹ ሳይጠይቁት ኮካ ኮላ ይዞላቸው ይመጣል፤ ለሌሎቹ ምንም አያመጣም። ቆየት ብሎ «የሎተሪ ትኬት እየሸጥኩ ነው፣ ግዙኝ» ይላቸዋል። ኮካውን የተቀበሉት ካልተቀበሉት እጥፍ ገደማ ትኬት ገዙለት። የበለጠ የሚገርመው፣ ከተቀበሉት መካከል ሰውየውን የወደደውም ያልወደደውም ትኬቱን ገዝቶለታል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይህን ያህል ካደረገ፣ አንድ ሰው ዓመታት የደከመበትና ስምሽን ጽፎ የፈረመበት መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ አስቢው። ጉቦ ነው እያልኩ አይደለም። ጋሼ ጉቦ አልሰጡሽም። ሰው በመሆንሽ ብቻ እጅሽ ወደ ሙገሳ ያዘነብላል፤ ይህን አውቀሽ ጻፊ ነው የምልሽ።

ማዘንበሉ ሌላም አቅጣጫ አለው፤ ይህኛው ብዙ አይወራለትም። «ይህን ሰው ማንም አይገዛውም» እንዲባል ብቻ በነፃ የመጣለትን መጽሐፍ የሚጨፈጭፍ ገምጋሚ አለ። እሱም ያው ስለ መጽሐፉ አልጻፈም፤ ስለ ራሱ ነው የጻፈው። በተለይ አንቺ አሁን ከሁለቱ የይሉኝታ ጽሑፎች በኋላ ጸጸት ይዞሻልና፣ ጸጸትሽን በጋሼ ልብ ወለድ ላይ እንዳትወጪው እፈራለሁ። ረቂቁን ስትጨርሺ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ እንዲህ ብለሽ ፈትሺው፦ ይህን መጽሐፍ በገንዘቤ ገዝቼው፣ ደራሲውንም በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ቢሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር? አለሳልሼ ወይም አክርሬ እጽፈው ነበር የሚያሰኝሽ ካለ እሱን አስተካክዪ።

ለአንባቢሽ መንገር ያለብሽ ነገርም አለ፤ መጽሐፉን ከየት እንዳገኘሽው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ዕቃ በነፃ ተቀብሎ ስለ ዕቃው የሚጽፍ ሰው ይህንኑ እንዲገልጽ ጠይቋል። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ደንብ ደግሞ አመስግኑልኝ ወይም ንቀፉልኝ ብሎ ለአስተያየት መክፈልን ከልክሏል፤ ውሉ በግልጽ ባይነገርና በውስጠ ወይራ ቢሆንም እንኳ። የኢንተርኔት ገበያው አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2016 በነፃ በተሰጠ ዕቃ ልዋጭ የሚጻፍ አስተያየትን ሲያግድ መጻሕፍትን ለይቶ አስቀርቷቸዋል። ለገምጋሚ ቅጂ መላክ በመጽሐፍ ዓለም የቆየ ልማድ ነውና። ቅጂ መላክ ይቻላል፤ በምላሹ አስተያየት እንዲጻፍ ማስገደድ ወይም ምን እንደሚጻፍ ጫና ማድረግ ግን አይቻልም። አንቺ የትም ሆነሽ ብትጽፊ፣ ሕግ ቢያስገድድሽም ባያስገድድሽም፣ መስመሩ ያ ነው።

አጻጻፉም አያስቸግርም። «መጽሐፉን ደራሲው ልከውልኝ ነው ያነበብኩት፤ በአካልም እንተዋወቃለን» በቂ ነው። ሁለተኛዋን ሐረግ እንዳትዘያት። ብዙዎች «በነፃ ተልኮልኝ» ብለው ይናዘዙና ትውውቁን ይደብቃሉ። ሚዛን የሚያስተው ግን ከመጽሐፉ ዋጋ ይልቅ ትውውቁ ነው። ቦታው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ከሙገሳ ወይም ከወቀሳ በፊት። ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተቀመጠ ግልጽነት ለአንባቢው ምንም አይፈይድለትም።

አሁን ወደ «ከማውጣትሽ በፊት ልየው» እንምጣ። መልሱ አይሆንም ነው። በትህትና፣ በአጭሩ፣ ያለ ሰበብ። አንድ ጊዜ ካሳየሻቸው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርሻል፦ «ይቺን ቃል አንሺልኝ» ሲሉሽ ታነሺያለሽ፣ ወይም እምቢ ብለሽ ከመጀመሪያው እምቢታ በእጥፍ ትጣያለሽ። ከደራሲ ጋር መመሳከር የሚገባው እርግጠኛ ያልሆንሽበት መረጃ ካለ ነው፤ የታተመበት ዓመት፣ የስም አጻጻፍ፣ መጽሐፉ የተከታታይ አንደኛ ክፍል መሆን አለመሆኑ። ይህን እንደ ጥያቄ ለይተሽ ጠይቂያቸው፤ ጽሑፉን ግን አትላኪ።

ጋሼን ደግሞ ለዚህ ብለሽ አትናቂያቸው። ሙገሳ መናፈቅ የታላላቆቹም በሽታ ነው። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ ካሳተመ በኋላ፣ ስሙን ሳይጠቅስ ራሱ ስለ ራሱ የሙገሳ ዳሰሳ ጽፎ በጋዜጣ አስወጥቷል። እሱ ያን ካደረገ፣ ጋሼ «መቼ ይወጣል» ብለው ቢወተውቱ አይፈረድባቸውም።

ዝም ልበል ወይ ላልሽው ረዘም ያለ መልስ አለኝ፤ ብዙ ሰው ዝምታን ከውሸት ነፃ የሆነ መንገድ አድርጎ ስለሚያስበው። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው መንገድ ነው። ማንም የማያውቀውን፣ ማንም ሊገዛው ያላሰበውን የጀማሪ መጽሐፍ አደባባይ አውጥቶ መውቀስ ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም። ሰውየውን ያሳዝናል፣ ያበቃል። ዝምታው ልማድ ሲሆን ግን እንዲህ ይሆናል። ደስ ያላሰኙሽን ሁሉ እያለፍሽ የወደድሻቸውን ብቻ ትጽፊያለሽ። እያንዳንዱ ጽሑፍሽ እውነት ነው። ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያይ አንባቢ ግን ሙገሳ ብቻ ነው የሚያየው፤ ያነበብሽው ሁሉ ጥሩ የሆነልሽ ይመስለዋል፤ ወይም፣ ብልህ ከሆነ፣ ሚዛን እንደሌለሽ ይደመድማል። አንድም ዓረፍተ ነገር ሳትዋሺ መታመንሽን ታጫለሽ።

ስለዚህ ዝም ማለት ከፈለግሽ ዝምታሽን ለአንባቢ አስታውቂው። «የምጽፈው ሌላ ሰው ቢያነበው ስለምለው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የተላከልኝ ሁሉ እዚህ አይወጣም» ብለሽ በግልጽ አስቀምጪ። ያኔ ሙገሳሽ ምርጫ መሆኑ ይታወቃል፤ አንባቢውም በልኩ ያነበዋል። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ጥሩም መጥፎም መጻፍ ነው። ሁለቱም ያስከብራሉ። የማያስከብረው መጥፎውን በደራሲው ማንነት እየመረጡ ማለፍ ነው፤ የማታውቂውን ወጣት ወቅሰሽ ጋሼን በዝምታ ብታልፊ ማለት ነው። ከዚህ ቀደም የማታውቂያቸውን ጀማሪዎች በግልጽ ተችተሽ ከሆነ፣ ለጋሼ ሲሆን ዝምታ መምረጥ መብትሽ አይመስለኝም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጻፊው። ምክንያቴም ራስሽ የነገርሽኝ ነው፦ አጀማመሩ ጥሩ ነው ብለሻል። ጥሩ አጀማመር ያለው፣ መሀሉ የዛለ ልብ ወለድ ሊጻፍለት የሚገባ መጽሐፍ ነው። ምንም የሌለው መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ እለፊው እልሽ ነበር።

እንዴት ይጻፍ? ጆን አፕዳይክ፣ ልብ ወለድ ደራሲም ሐያሲም የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የጽሑፎቹ ስብስብ ውስጥ ለዳሰሳ ጸሐፊዎች ጥቂት ደንቦች አስቀምጧል። ከሁሉ የሚቀድመው፣ ደራሲው ምን ሊሠራ እንደፈለገ ተረዳ፣ ያልሞከረውን አላሳካህም ብለህ አትውቀሰው የሚለው ነው። ጋሼ የቤተሰብ ታሪክ ሊጽፉ ተነስተው ከሆነ «ሴራው ልብ አያንጠለጥልም» ማለት ግፍ ነው፤ ልብ ማንጠልጠል አልሞከሩም። «አባትና ልጁ የሚጣሉበት ምክንያት ስላልተነገረን ዕርቁ አይነካንም» ካልሽ ግን በራሳቸው ሜዳ ነው የያዝሻቸው። ከደንቦቹ ሌላው፣ በወዳጅነት ልትወደው የተገደድክበትን መጽሐፍ ለዳሰሳ አትቀበል ይላል። በዚህኛው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሚጽፈውም የሚያነበውም በሚተዋወቅበት ክበብ ውስጥ ይህን ደንብ የጠበቀ ሰው ስለ ማንም ሳይጽፍ ያረጃል። ቅርብ ወዳጅና ዘመድ ሲሆን ተዪው፤ ከሰላምታ ለማያልፍ ትውውቅ ግን ትውውቁን ተናግሮ መጻፍ ይበቃል። ረቂቁን አርመሽላቸው ወይም ሐሳብ አዋጥተሽበት ከሆነ ግን ገምጋሚነቱ ቀርቶብሻል፤ የራስሽን ሥራ መመዘን አትችዪም።

ከዚያ ማስረጃ። «ገጸ ባሕርያቱ አንድ ዓይነት ይናገራሉ» ብሎ ማለፍ ፍርድ ብቻ ነው፤ ደራሲውም አንባቢውም አያምንሽም። ከሁለት የተለያዩ ሰዎች አፍ የወጡ ሁለት ንግግሮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪ፣ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍኚና አንባቢው ማን እንደተናገረ ይለይ እንደሆነ ተዪለት። ካልለየ ተጨማሪ ቃል አያስፈልግሽም። ጥሩውን አጀማመርም እንዲሁ ከጥቅሱ ጋር አሳዪ። ያለ ጥቅስ የተሰጠ ሙገሳ ከይሉኝታ አይለይም፤ ጋሼም ቢሆኑ የትኛው ገጽ እንደሠራላቸው ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

«ተስፋ ሰጪ ጅማሮ»፣ «ለየት ያለ ሙከራ»፣ «በትዕግሥት ለሚያነብ ሰው» የሚሉትን ተያቸው። ገምጋሚዎች አልወደድኩትም ላለማለት የሚደበቁባቸው ጫካዎች ናቸው፤ አንባቢ ከለመዳቸው ቆይቷል፣ ጀማሪ ደራሲ ብቻ ነው እውነት የሚመስለው። ወቀሳን በሁለት ሙገሳ መሀል መሸጎጥም አልወድም። መጽሐፉ ሲሦው ጥሩ ከሆነ ከጽሑፍሽም ሲሦው ስለዚያ ይሁን።

«ደራሲው» የሚል ቃል ያለበትን ወቀሳ ሁሉ ደግመሽ እዪው። «ደራሲው ሰው ሲናገር አድምጠው አያውቁም» ሰውየውን ይነካል፤ «ንግግሮቹ አይለያዩም» መጽሐፉን። ሁለተኛው እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ግን ከየት ታውቂያለሽ?

ስለ ፊደል ግድፈቱ መጀመሪያ የያዝሽው ቅጂ ምን እንደሆነ አረጋግጪ። ከኅትመት በፊት የሚላክ ያልታረመ ቅጂ ከሆነ ግድፈቱን በዳሰሳው ማንሳት ተገቢ አይደለም፤ የምትጠቅሺውንም ቃል ከወጣው መጽሐፍ ጋር ማመሳከር አለብሽ። የሚሸጠው መጽሐፍ ከሆነ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሺው፤ ገዢው ያንን ነው የሚያገኘው። ዝርዝሩን ለጋሼ ለብቻቸው ላኪላቸው፤ ለሁለተኛው ዕትም ይጠቅማቸዋል፣ ከሙገሳም የተሻለ ስጦታ ነው።

ኮከብ የምትሰጪ ከሆነ፣ ሦስት ኮከብ አንቺ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመሽ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ያለዚያ ሦስቱን ደራሲው እንደ ስድብ፣ አንባቢው እንደ ጥሩ ነው ይቆጥረዋል።

ለጋሼ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ዝምታሽ በረዘመ ቁጥር የሚጠብቁት ሙገሳ ያድጋል። እኔ ብሆን ይህን ያህል እላለሁ፦

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ዳሰሳዬን እየጻፍኩ ነው። የወደድኩትም ያልወደድኩትም አለ፤ ሁለቱንም በምሳሌ እጽፋለሁ። ከመውጣቱ በፊት ለማንም ደራሲ ስለማላሳይ ለእርስዎም አላሳይም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በወጣበት ዕለት ግን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እኔው ራሴ እልክልዎታለሁ። ያየኋቸውን የፊደል ግድፈቶች ለብቻ ጽፌልዎታለሁ።»

«ያልወደድኩትም አለ» የሚለውን አታውጪው። ድንገት አደባባይ ላይ ከሚያነቡት ካንቺ አስቀድመው ቢሰሙት ይሻላል። ይቀየሙ ይሆናል። ጥቂት ጊዜ ቢያኮርፉ አታባብዪ፣ ተከራክረሽም አታስረጂ፤ በመረጃ ስህተት ካሳዩሽ ግን ወዲያው አርሚ፣ ማረምሽንም ጻፊ።

ለወደፊቱ ነገሩን ከመቀበልሽ በፊት ጨርሺው። «መጽሐፍ ልላክልሽ?» ለሚልሽ ሁሉ ያው አንድ መልስ ይኑርሽ፦ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ላነበውም ላላነበውም እችላለሁ፤ ካነበብኩት ልጽፍም ላልጽፍም እችላለሁ፤ ከጻፍኩ የመሰለኝን ነው የምጽፈው፤ በነፃ እንደተላከልኝም እገልጻለሁ። ይህን ሰምቶ የማይልክ ደራሲ ይኖራል። ያ ሰው ድሮም ሲፈልግ የነበረው ማስታወቂያ ነው። በማታነቢው ዓይነት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው እምቢ በይ፤ ግጥም የማይሆንልሽ ከሆነ የግጥም መድበል ተቀብሎ ማስቀመጥ ሁለታችሁንም ይጎዳል። የተከመረብሽን ማንበብ ለሚፈልግ ሰው በነፃ አከፋፍዪ። አትሽጪው፤ በተለይ ያልታረመ ቅጂ ለሽያጭ አልተዘጋጀም፤ የተፈረመበት ገጽ ደግሞ ገበያ ላይ ሲገኝ ማን እንደሸጠው ይናገራል።

ስለ ሁለቱ የቆዩ ጽሑፎች አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን እንዲሁ አልተዋቸውም። አታጥፊያቸው፤ ያጠፋሽውን የሚያስታውስ አይጠፋም። አናታቸው ላይ የዛሬውን ቀን ጽፈሽ መጽሐፉን ማን እንደላከልሽ ግለጪ፣ ከዚያም ያኔ ያላልሽውን በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። ደራስያኑንም አስቀድመሽ አሳውቂያቸው። ለዚያ «ገንዘቤን አቃጠልኩ» ላለሽ አንባቢም አድራሻው ካለሽ ያስተካከልሽውን ላኪለት።